የካሴቱ ሣጥንና የቤቱ ሰርቨር

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ኮምፒውተር ሲጽፍ ያየ አንባቢ «ይህ ልጅ ደግሞ ከመቼ ወዲህ መሐንዲስ ሆነ?» ብሎ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም አጭር ነው፤ መሐንዲስ አልሆንኩም። የምሕንድስና ተማሪዎች ስለ ፕሮሰሰር በሚከራከሩበት ጠረጴዛ ዙሪያ ሻይ ከመጠጣት በቀር በዚህ ረገድ ያገኘሁት ማዕረግ የለም። ይሁን እንጂ ለቤታችን የሚሆን ሰርቨር የመምረጡ ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ፤ ሥራውንም ስይዘው ጉዳዩ ከሽቦና ከብረት ይልቅ ለእኛ ትምህርት የቀረበ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ የሚስቅብኝ ይሳቅ እንጂ አሳቤን ለመጻፍ ወስኛለሁ።

የቤት ሰርቨር ስል ግዙፍ ነገር አይምሰላችሁ። ፊልሙን፣ ዘፈኑን፣ ፎቶግራፉን በሆዱ ይዞ በአንድ ጥግ የሚቀመጥ፣ ቴሌቪዥኑ ወይም ስልኩ «እገሌን አሰማኝ» ሲለው በራውተሩ በኩል የሚልክ ኮምፒውተር ነው። ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም በቤቱ ግድግዳ ውስጥ ይሠራል። ይህንን ሥራ የሚያሠራው ፕሮግራምም በነፃ ይገኛል፤ እኛ የያዝነው ጄሊፊን የሚባለውን ነው፤ ይኸውም ኤምቢ የተባለው ፕሮግራም ምስጢሩን ሲዘጋ በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ተገንጥሎ የወጣ ነው። ስለ ፕሮግራሙ ብዙ አልልም። ጭቅጭቁ ያለው ዕቃው ላይ ነው።

ቤታችን ደብረ ብርሃን ነው፤ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ታላቅ ወንድሜ፣ እኛ «ወንድም ጋሼ» የምንለው፣ አሜሪካ ቨርጂኒያ ይኖራል። አባባ ካሴቶቻቸውን ማጣት እንደ ጀመሩ፣ ቴፑም አንዳንዱን ክር እንደሚበላ በስልክ በሰማ ጊዜ «ገንዘቡን እኔ እልካለሁ» አለ፤ ከገንዘቡም ጋር አሳቡን ላከ። አሳቡ አራት ሐርድ ዲስክ የሚጎርስ ሣጥን ነበር፤ በእያንዳንዱ ጉረሮ 8 ቴራባይት፣ በጠቅላላው 32 ቴራባይት። ሥዕሉንም ላከልኝ። በእውነት ያማረ ዕቃ ነው፤ እንደ ትንሽ ካዝና ይመስላል።

እኔ ግን ጎተራ ከመሠራቱ በፊት እህሉ ይሰፈር የምል ሰው ነኝና ለአንድ ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤት ሄጄ ያለውን ሁሉ ከታናሽ እኅቴ ጋር ቈጠርን። በእንጨቱ ሣጥን ውስጥ 112 ካሴት አለ፤ አብዛኛው የ60 ደቂቃ ነው። 64 ቪሲዲ አለ፤ ሁሉም በየጊዜው ከሱቅ የተገዛ የአማርኛ ፊልምና ዘፈን። ሦስት የሠርግ ቪዲዮ ካሴት አለ። ከዚህ ሌላ በቤተ ዘመዱ ስልኮች ውስጥ የተበታተነ ፎቶግራፍና ቪዲዮ አለ።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ፤ ለሒሳብ የሥነ ጽሑፍ ተማሪም ይበቃል። ድምፅ በሲዲ ልክ ሲቀዳ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልክ 16 ቢት ነው፤ ቀኝና ግራ ሁለት መስመር አለ። ይህ ተባዝቶ ምንም ሳይጨመቅ ለአንድ ሰዓት 635 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። 112ቱ ካሴት እንግዲህ 71 ጊጋባይት ነው። ቪሲዲው ሁሉ ተደምሮ 48፣ የሠርጉ ቪዲዮ 12፣ የስልኮቹ ደግሞ 170 ጊጋባይት ሆነ። ጠቅላላው 301 ጊጋባይት ነው። ወንድም ጋሼ ያሰበው ጎተራ ከእህላችን ከመቶ እጥፍ በላይ ይሰፋል ማለት ነው። ባዶ የቀረውን ጎተራ የሚሞላው ደግሞ ማን እንደ ሆነ ገበሬ የሆነ ሁሉ ያውቃል፤ አይጥ ነው።

ይህን ስነግረው ወንድም ጋሼ ወዲያው ሌላ አሳብ አመጣ። «እንዲህ ትንሽ ከሆነማ ለምን ሰርቨር ያስፈልጋል? ሁሉን ኢንተርኔት ላይ እንስቀለውና እኔም ከዚህ ልስማው» አለ። እውነቱን ለመናገር ይህን አሳብ ለመመለስ የሚሆን ቴክኒካዊ ምክንያት አልነበረኝም። የመለሱለት አክስቴ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ112ቱ ካሴቶች ሦስቱ ዘፈን አይደሉም። የአባቴ ታናሽ ወንድም በ1976 ዓ.ም. ወደ ሱዳን ወጥቶ ነበር። ያን ጊዜ በስደት ያለ ሰው ደብዳቤ ከመጻፍ ይልቅ ቴፕ ፊት ቁጭ ብሎ ድምፁን ቀድቶ ካሴቱን በሰው እጅ ይልክ ነበርና አጎቴም ከካርቱም ሦስት ካሴት ልኳል፤ የመጨረሻው በ1979 ዓ.ም. የደረሰ ነው። ከዚያ በኋላ ከእሱ የመጣ ነገር የለም። እኔ አጎቴን አላውቀውም፤ የማውቀው ድምፁን ነው። ሰላምታውን በየስሙ እየጠራ ያወርዳል፤ ስለ ሙቀቱ ያማርራል፤ አንድ ቦታ ላይ የሚስቅበትን ምክንያት ሳይነግረን ብዙ ይስቃል። አክስቴ ይህን ካሴት ኢንተርኔት ላይ እንስቀል የሚለውን ነገር በሰሙ ጊዜ ስልኩን ከእጄ ተቀብለው «ልጄ፣ የሰው ደብዳቤ ገበያ አይወጣም» አሉት። የተቈለፈ ቦታ እንደ ሆነ፣ ሌላ ሰው እንደማይሰማው ወንድም ጋሼ ሊያስረዳ ሞከረ። «ቍልፉ በማን እጅ ነው?» አሉት። ዝም አለ። እኔም በበኩሌ እስካሁን ለዚህ ጥያቄ ከዝምታ የተሻለ መልስ የሰጠ የኮምፒውተር ተማሪ አላጋጠመኝም።

እንግዲህ ማሽኑ ቤት ውስጥ ይሆናል፤ ይህ ተቈረጠ። ቀጥሎ የመጣው የጉልበቱ ነገር ነው። ሰርቨር የሚገዛ ሰው ሁሉ ገንዘቡን የሚያፈስበት ትራንስኮዲንግ የሚባል ሥራ አለ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ቪዲዮ ሁሉ በአንድ ቋንቋ የተጻፈ አይደለም። ቪሲዲ የተጻፈው ኤምፔግ-1 በሚባለው የ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አጻጻፍ ነው፤ ስፋቱም 352 በ288 ነጥብ ብቻ ነው። ዲቪዲ በኤምፔግ-2 ተጻፈ። ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዓለም በብዛት የተግባባው በኤች 264 ነው፤ ዛሬ ይህን የማያነብ ስልክ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። በ2013 እ.ኤ.አ. የመጣው ኤች 265 ደግሞ ያንኑ ሥዕል በግማሽ ያህል ቦታ ያሳድራል፤ ነገር ግን የቈየ ቴሌቪዥን አያነበውም። ተቀባዩ የፋይሉን ቋንቋ ካወቀ ሰርቨሩ ፋይሉን እንዳለ ያቀብላል፤ ይህም ከፖስተኛ ሥራ አይበልጥም፤ ደካማ ማሽን ይበቃዋል። ተቀባዩ ቋንቋውን ካላወቀ ግን ሰርቨሩ በመካከል ቆሞ በአንድ ጆሮው እየሰማ በአፉ መተርጎም አለበት። ተናጋሪው አይጠብቅም፤ አስተርጓሚው ትንሽ ከዘገየ ሥዕሉ ይቆማል። ትራንስኮዲንግ ማለት ይህ ነው፤ ጉልበት የሚበላውም ይህ ነው።

ለዚህ ሥራ የተሠራ ልዩ ክፍል ያላቸው ፕሮሰሰሮች አሉ። ኢንቴል ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዙዎቹ ውስጥ ኩዊክ ሲንክ የሚባለውን አኑሯል፤ ከ6ኛው ትውልድ ወዲህ ኤች 265ን ይችላል፤ ከ7ኛው ወዲህ ደግሞ ባለ 10 ቢቱን ጭምር። ስለዚህ ያገለገለ ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው ከጊጋኸርዙ ቍጥር ይልቅ ትውልዱን ቢጠይቅ ይሻለዋል። በስሙ መጨረሻ «ኤፍ» የሚል ፊደል ያለበትን ግን ይተው፤ እርሱ የሥዕል ክፍሉን የተነፈገ ስለ ሆነ ኩዊክ ሲንክም የለውም።

ወንድም ጋሼ በዚህ ክርክር ሁልጊዜ አስተርጓሚው እጅግ ኃይለኛ እንዲሆን ይፈልግ ነበር። እኔ ግን «ለምን አስተርጓሚ በየቀኑ እንቀጥራለን?» አልኩት። መጽሐፍ አንድ ጊዜ ተተርጉሞ ይታተማል እንጂ አንባቢ በመጣ ቍጥር ተርጓሚው ከእንቅልፉ አይቀሰቀስም። የእኛ ቪሲዲ 64 ነው፤ ከእንግዲህም አይጨምርም፤ ቪሲዲ የሚሸጥ ሱቅ የት አለ? ስለዚህ ሁሉንም አንድ ጊዜ ወደ ኤች 264 ለውጦ ማስቀመጥ ነው። ሥራውን ያሠራሁት ዶርም ውስጥ በጓደኛዬ ኮምፒውተር ሲሆን በአንድ ሌሊት አለቀ። ዋናውን ቅጂም አልጣልኩም፤ ከትርጉሙ ጎን ለጎን በሌላ ማኅደር ተቀምጧል። ትርጉም አለ ብሎ ዋናውን የሚያቃጥል ሰው በእኛ ክፍል ቢገኝ አስተማሪዎቻችን ምን እንደሚሉት መገመት ትችላላችሁ። ከዚህ በኋላ በየጊዜው መተርጎም የሚያስፈልገው እኅቴ በፍላሽ የምታመጣው አዲስ ፊልም ብቻ ሆነ፤ ለዚያ ደግሞ መጠነኛ ማሽን ከበቂ በላይ ነው።

ወደ ዕቃዎቹ እንመለስ። በመጀመሪያ የተመኘሁት ራስፕቤሪ ፓይ የሚባለውን ነበር፤ የሲጋራ ፓኮ የሚያክል ኮምፒውተር ነው፤ መብራት አይበላም፤ ድምፅ የለውም። ለፖስተኛ ሥራ የሚመች ነው። ነገር ግን አሠራሩ አብዛኛውን ጊዜ በትንሽ የስልክ ካርድ ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ መብራት በድንገት ሲጠፋ ካርዱ ይበላሻል፤ ሁለት ተንቀሳቃሽ ዲስክ ቢሰካበት በራሱ ኃይል ለመመገብ ይቸገራል፤ ለማስተርጎም ደግሞ አልተፈጠረም፤ እንዲያውም አዲሱ 5ኛው ፓይ ወደ ኤች 264 የሚጽፍ ልዩ ክፍል ጭራሽ የለውም። የወንድም ጋሼ ባለ አራት ጉረሮ ሣጥን በሌላ በኩል ለብዙ ሰው ጥሩ ነው፤ ግን ሣጥኑ ራሱ አንድ ቀን ቢሞት ዲስኮቹን አውጥቶ ለማንበብ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፤ መለዋወጫውም ደብረ ብርሃን አይገኝም። የድሮው ትልቅ ኮምፒውተር ደግሞ በነፃ ሊሰጠን የፈለገ ጎረቤት ነበረ። የነፃ ነገር ሁሉ ግን ነፃ አይደለም። 60 ዋት የሚበላ ማሽን ሌት ተቀን ቢበራ በ30 ቀን 43 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ 15 ዋት የሚበላው ግን 11 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። በአገራችን የቆጣሪ ታሪፍ ደግሞ ፍጆታው በጨመረ ቍጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ እያለ ስለሚሄድ፣ ይህ ልዩነት የእንጀራውን ምጣድ ሒሳብ ጭምር ይነካል። አክስቴ ምጣዳቸውን የሚነካ ነገር እንደማይወዱ ቀደም ብዬ ልጽፍ ይገባኝ ነበር።

ቀሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ ያገለገለ ላፕቶፕና ያገለገለ ትንሽ የቢሮ ኮምፒውተር። የክርክሩ እሳት የነደደው እዚህ ላይ ነው።

ጓደኞቼ ሁሉ የፈረዱት ለላፕቶፑ ነው። ምክንያታቸው ባትሪው ነው። «መብራት በሚጠፋበት አገር ባትሪ በሆዱ ያለውን ትቶ ሌላ የሚገዛ ሞኝ ነው» አሉኝ። ነገሩ በመጀመሪያ ሲሰሙት የማይመለስ ይመስላል። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቅኋቸው፤ መብራት በጠፋ ጊዜ ማን ነው የሚያየው? ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። ራውተሩም ጠፍቷል፤ ራውተሩ ከጠፋ ስልኩም ሰርቨሩን አያገኘውም። ሰርቨሩ በጨለማ ውስጥ ብቻውን ነቅቶ ማንም የማይሰማውን ዘፈን ይዞ ይቀመጣል። እንግዲህ ባትሪ የሚያስፈልገው ፊልሙ እንዳይቋረጥ አይደለም፤ ማሽኑ ዲስኩ ላይ በሚጽፍበት ሰዓት ኃይሉ በድንገት ተቈርጦ የተጻፈው እንዳይበላሽ ነው። ለዚህ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

ሁለተኛውና የበለጠው ነገር ደግሞ መብራት ሲመጣ የሚሆነው ነው። መብራት ለስድስት ሰዓት ቢጠፋ የላፕቶፑ ባትሪ ያልቃል፤ ማሽኑ ይሞታል። መብራት ሲመለስ ብዙው ላፕቶፕ ባትሪውን ይሞላል እንጂ በራሱ አይነሣም፤ ሰው መጥቶ ቍልፉን መጫን አለበት። የቢሮው ኮምፒውተር ግን በመነሻ ቅንብሩ ውስጥ «ኃይል ሲመለስ ተነሥ» የሚል ትእዛዝ ይቀበላል። መብራት መጣ፣ ተነሣ፤ ማንንም አይጠይቅም። ይህን ነገር ቀላል አድርጎ የሚያይ ሰው ቤቱ ውስጥ ራሱ የሚኖር ሰው ነው። እኔ ግን አዲስ አበባ ነኝ፤ እኅቴ ትምህርት ቤት ትውላለች፤ አባባ መነጽራቸውን ፈልገው ትንሿን ቍልፍ እስኪያገኙ ድረስ የዜናው ሰዓት ያልፋል። ከዚህም ሌላ ዓመቱን ሙሉ ተሰክቶ የሚኖር የቈየ ላፕቶፕ ባትሪው ሊያብጥ ይችላል። አንዳንዱ ላፕቶፕ ባትሪውን በመቶ 80 ላይ እንዲያቆም ማዘዝ ይቻላል፤ ሁሉም ግን ይህን አይችልም። ያበጠ ባትሪ በአባቴ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ እንዲቀመጥ አልፈልግም።

ስለዚህ የተገዛው መዝገበ ቃላት የሚያክል ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ነው፤ የኢንቴል 8ኛ ትውልድ ኮር አይ 5፣ በስሙ መጨረሻ «ቲ» ያለበት፤ ይህ ፊደል ፕሮሰሰሩ 35 ዋት ገደማ ላይ እንዲወሰን ሆኖ የተሠራ መሆኑን ያመለክታል፤ ሥራ በሚፈታበት ጊዜ ደግሞ ማሽኑ በሙሉ ከዚህ እጅግ ባነሰ ይኖራል። 8 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ ለአሠራሩ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ። ከዚሁ ጋር ትንሽ ዩፒኤስ ገዛን፤ ማሽኑና ራውተሩ ብቻ ተሰክተውበት ከግማሽ ሰዓት በላይ ይቆያሉ፤ በዩኤስቢ ገመድም ባትሪው ሊያልቅ ሲል ለማሽኑ ይነግረዋል፤ ማሽኑም መዝገቡን ዘግቶ በሥርዓት ይተኛል። ከሱቁ ሲወጣ ሻጩ «ጌም መጫወት አይችልም እኮ» ብሎ አስጠነቀቀኝ። አባባ ከዳማ በቀር ጨዋታ እንደማያውቁ ነገርኩት።

ከወንድም ጋሼ ገንዘብ ብዙው ቀረ። እርሱም «ታዲያ በቀረው ፕሮሰሰሩን ከፍ አድርገው» አለኝ። እኔ ግን ሁሉንም ወደ ዲስክ አዞርኩት፤ በጠቅላላው ምርጫ ውስጥ አጥብቄ የምከራከርለት ነገር ቢኖር ይህ ነው። ፕሮሰሰር ቢቃጠል ሌላ ይገዛል። ራውተር ቢቃጠል ሌላ ይገዛል። የአጎቴ ሳቅ ቢጠፋ ግን መርካቶን ሙሉ ብናስስ አናገኘውም። ሐርድ ዲስክ ደግሞ የሚሞት ነገር ነው፤ የሚሞትበትን ቀን አይናገርም።

እዚህ ላይ በባለ አራት ጉረሮው ሣጥን ሻጮች ዘንድ የተለመደ አንድ ማዘናጊያ አለ። ሁለት ዲስክ ጎን ለጎን አድርጎ በአንዱ የተጻፈውን በሌላውም ወዲያው መጻፍ ይቻላል፤ ሬይድ ይሉታል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን እኅቴ በስሕተት አንድ ማኅደር ብትሰርዝ ከሁለቱም በአንድ ቅጽበት ይሰረዛል። መብረቅ በመስመሩ ቢገባ ሁለቱም አንድ ሣጥን ውስጥ ናቸው። ሌባ ቢገባ ሣጥኑን ይዞ ይሄዳል እንጂ «አንዱን ልተውላችሁ» አይልም። ሁለት ቅጂ ማለት በሁለት ቦታ ያለ ነው። ስለዚህ ሦስት ባለ 2 ቴራባይት ተንቀሳቃሽ ዲስክ ተገዛ። አንዱ ከማሽኑ ጋር ሌት ተቀን ይሠራል፤ ለእህላችን ስድስት እጥፍ የሚበቃ ስለ ሆነ ለብዙ ዓመት አይጠብም። ሁለተኛው በአክስቴ ሣጥን ውስጥ፣ ከቀሚሳቸው ሥር፣ ከመብራትም ከሌባም ርቆ ይቀመጣል፤ በወር አንድ ጊዜ ይወጣና አዲሱ ይጻፍበታል። ሦስተኛው ለጊዜው እኔ ዘንድ አዲስ አበባ ነው፤ ወንድም ጋሼ ሲመጣ ወደ ቨርጂኒያ ይዞት ይሄዳል። የአክስቴን ፈቃድ ያገኘነው በዚህ መንገድ ነው፤ ካሴቱ በሰው እጅ እንደ መጣ ቅጂውም በሰው እጅ ይሄዳል። ወንድም ጋሼም ቅጂ ውጭ አገር መኖር አለበት ብሎ መጀመሪያ ያነሣው እርሱ መሆኑን እንዳልረሳ አሳስቦኛል፤ ትክክል ነው፤ እርሱ ነው።

የዲስኩ አሰነዳድ ላይ አንድ ቃል ልጨምር። ተንቀሳቃሽ ዲስክ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ ኤክስፋት በሚባል አሰነዳድ ይመጣል፤ ከየትኛውም ኮምፒውተር ጋር ስለሚስማማ ነው። ይህ አሰነዳድ ግን ሊጽፍ ያሰበውን አስቀድሞ የሚያስመዘግብበት ደብተር የለውም፤ በመካከል መብራት ቢጠፋ የት ላይ እንደ ነበረ አያውቅም። ኤክስት 4 የሚባለው የሊነክስ አሰነዳድ ደብተር አለው። ስለዚህ ሌት ተቀን የሚሠራውን በኤክስት 4 አደረግነው፤ የሚቀመጡትን ሁለቱን ግን ማንም ሰው ከፍቶ እንዲያነባቸው እንደ ነበሩ ተውናቸው።

ስለ ገመዱ ብዙ አልጽፍም። ቤታችን የድሮ የድንጋይ ግንብ ስለ ሆነ ዋይፋዩ ከሳሎን ወደ አባባ መኝታ ቤት ሲደርስ ይዝላል። ከራውተሩ እስከ ሰርቨሩ፣ ከራውተሩ እስከ ቴሌቪዥኑ ሣጥን ገመድ ዘረጋን፤ ስልኮቹ ብቻ በዋይፋይ ቀሩ። ዲቪዲ እንኳ ቢሆን በሰከንድ ከ10 ሜጋቢት ብዙም አይዘልም፤ ተራው ባለ 100 ሜጋቢት ገመድ እየተዝናና ይሸከመዋል። ለድምፅማ ምንም ማለት አያስፈልግም።

ያልተጠበቀው ችግር ከዕቃው አልመጣም። ጄሊፊን የፊልሞችን ስምና ሥዕል ከውጭ መዝገብ ፈልጎ ራሱ ይለጥፋል፤ የአማርኛ ፊልሞቻችንን ግን አብዛኞቹን አላወቃቸውም፤ ለአንዳንዶቹም ድምፁ የተመሳሰለ የፈረንጅ ፊልም ሥዕል ለጠፈባቸው። አንድ የገጠር ቤተሰብ ታሪክ የሚያሳይ ፊልም ጠመንጃ የያዘ ነጭ ሰው ሥዕል ተለጥፎበት አባባ ለብዙ ቀን ፈልገው አጥተውታል። እኅቴ ሁሉንም በእጇ አስተካከለች፤ የቪሲዲዎቹንም ሽፋን በስልኳ እያነሣች ለጠፈች። የቤቱ ሰርቨር ኃላፊ አሁን እርሷ ናት። ከማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ለጥፋለች፤ የትኛው ገመድ የት እንደሚሰካ፣ የቱ መብራት አረንጓዴ መሆን እንዳለበት፣ ካልሆነም ማን እንደሚደወልለት በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎበታል። ስልክ ቍጥሩ የእኔ ነው። እስካሁን የተደወለው ሁለት ጊዜ ብቻ ሲሆን ሁለቱም ጊዜ አክስቴ ነጎድጓድ ፈርተው ሁሉን ነገር ከሶኬት ስለነቀሉ ነበር። የክረምቱን መብረቅ ለሚያውቅ ሰው ይህ ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ከማንኛውም መከላከያ ዕቃ የሚበልጥ ጥበቃ ነው ብዬ ወረቀቱ ላይ እንዲጨመር አዝዣለሁ።

የቀረው የመቅዳቱ ሥራ ነው፤ እርሱም በምንም ፕሮሰሰር አይፈጥንም። ካሴት የአንድ ሰዓቱን ድምፅ የሚሰጠው በአንድ ሰዓት ነው። በየቅዳሜው እኅቴ ቴፑን ከላፕቶፕ ጋር በገመድ አገናኝታ አራት አራት ታወጣለች፤ አባባም አጠገቧ ቁጭ ብለው ዘፋኙ ማን እንደ ሆነና ካሴቱ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ተገዛ ይነግሯታል፤ እርሷም ትጽፋለች። 71 ካሴት አልቋል፤ 41 ይቀራል። የአጎቴ ሦስቱ በመጀመሪያው ቀን ተቀድተዋል። የሁለተኛው ካሴት ሁለተኛ ገጽ ላይ ቴፑ ተጨማድዶ አራት ደቂቃ ያህል ድምፁ እየሰመጠ እየወጣ ይሄዳል፤ ጓደኛዬ በኮምፒውተር ላጽዳው ቢል አባባ አንድ ቅጂ እንዳለ እንዲቀመጥ፣ የጸዳውም ለብቻው እንዲሆን አዘዋል። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ የቴፑ ማዞሪያ ጎማ ላልቶ ዘፈኑን ሁሉ ያንቀላፋ ሰው ድምፅ አስመስሎታል። ልኩን ለክታ ልካልኛለች፤ ነገ ከትምህርት በኋላ መርካቶ ወርጄ እፈልጋለሁ።